ወርቁና የወርቁ መልክ፤ ከሐይቅ እስከ መቅደላ

በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን የፈጀ ሐራጅ ተካሄደ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከገደሉ አንድ ሳምንት መሆኑ ነው። የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ያወረደውን ምርኮ፣ ብራናውን፣ መስቀሉን፣ ጽዋውን፣ ካባውን ሜዳ ላይ ዘርግቶ ለገዛ መኮንኖቹና አብረውት ለዘመቱ እንግዶች በጨረታ ሸጠው። ዕቃውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈልገው ነበር። ከሽያጩ የተሰበሰበው 5,000 ፓውንድ ያህል ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ።

ከተጫራቾቹ ሁሉ ኪሱ የከበደው ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል ሰው ነበር። የብሪትሽ ሙዚየም ባልደረባ ነው፤ ከጦሩ ጋር ሲዘምት ለግዢ 1,000 ፓውንድ ተመድቦለታል። ለሙዚየሙ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ሰብስቧል። የጳጳሱን የወርቅ አክሊልና አንድ የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ መግዛቱም የታወቀ ነው። ዋጋ የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው። አንድ ዕቃ ግን ደላንታ ሜዳ ላይ አላወጣም። ለሙዚየሙም አላስረከበም። በጓዙ ውስጥ ሸጉጦ አገሩ ገባ። ዕቃው ከዐፄ ቴዎድሮስ ራስጌ የተገኘ፣ በእንጨት ገበታ ላይ የተሳለ አንድ የክርስቶስ ሥዕል ነበር። ይኸው ሆልምስ የሟቹን ንጉሥ ፊት እንደ ወደቁ ነድፎ አስቀርቷል። የንጉሡን ሥዕል የወሰደውና ንጉሡን ራሳቸውን ሥዕል ያደረጋቸው እጅ አንድ ነው።

ያ ሥዕል «ኵርዓተ ርእሱ» ይባላል። ግዕዙ «የራሱ መመታት» እንደ ማለት ነው፤ ጭፍሮቹ ክርስቶስን የእሾህ አክሊል ደፍተውበት ራሱን በመቃ የመቱበትን ሰዓት ያስታውሳል። የነገሩ እንቆቅልሽ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «ኵርዓተ ርእሱ»ን የሣለው ኢትዮጵያዊ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም የነበረ አውሮፓዊ ሠዓሊ ነው፤ ገሚሶቹ ሊቃውንት ፍላማዊ ነው፣ ገሚሶቹ ፖርቱጋላዊ ነው ይላሉ። እንግዲህ ሆልምስ ካንድ የሐበሻ ንጉሥ መኝታ ቤት ያገኘው የገዛ አህጉሩን ሥዕል ነው። ወዲያው ያወቀውም ለዚህ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ልጠይቅ የፈለግሁት፣ ያችን አንዲት ገበታ እሱና ንጉሡ በአንድ ዓይን አዩዋት ወይ የሚለውን ነው። (እ.ኤ.አ. ያልተባለበት ዓመተ ምሕረት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።)

አስቀድመን ወደ ሆልምስ ዓይን እንሂድ። በ15ኛው መቶ ዓመት የፍላንድርስ ሠዓልያን ቀለምን በተልባ ዘይት የመለወስን ጥበብ እጅግ አራቀቁት። አዎን፣ ያችው በጾም የምናውቃት ተልባ! የተልባ ዘይት ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ፣ ሠዓሊው ስስ ቀለም በስስ ቀለም ላይ እየደረበ ብርሃኑ ከውስጥ የሚወጣ እስኪመስል ድረስ ጊዜ ወስዶ ይሠራል። በዚህ ዘዴ ከፋዩ ከፋይ፣ ፀጉሩ ፀጉር፣ ብርጭቆው ብርጭቆ መሰለ። ለባለጸጋ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ስጦታ አለ? የለበሰው ወርቀ ዘቦ ብል ይበላዋል፤ በሥዕሉ ላይ ያለው ግን ከነግርማው ይኖራል።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ያን ቫን አይክ እ.ኤ.አ. በ1435 ግድም ለቡርጎኝ መስፍን ታላቅ ሹም ለኒኮላ ሮለን የሣለው ሥዕል ዛሬ ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ሮለን በግራ በኩል ተንበርክኳል። በስተቀኝ ድንግል ማርያም ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። መልአክ ከበላይዋ አክሊል ይዟል። ከበስተኋላቸው በቅስቶቹ መካከል ወንዝ፣ ድልድይ፣ ከተማና የወይን ተክል ይታያል። እስቲ ልብ በሉ፤ ሹሙና እመቤታችን ቁመታቸው እኩል ነው። እጁን ይዞ ወደ እሷ የሚያቀርበው አማላጅ ቅዱስ የለም። ጸጉር የተዘመዘመበት የሐርና የወርቅ ልብሱን ለብሶ፣ ባለጉዳይ ከባለጉዳይ ጋር እንደሚነጋገር ሆኖ ከፊቷ ቀርቧል። ሥዕሉ የተሰጠው ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ የሚታየው ግን የሮለን ሀብትና የሮለን ቅርበት ነው።

ሌላም ነገር አለ። የሮለን ልብስ ላይ የሚያብረቀርቀው ወርቅ፣ ወርቅ አይደለም፤ ቢጫና ቡኒ ቀለም ነው። በዚያው በ1435 እ.ኤ.አ. ሊዮን ባቲስታ አልቤርቲ የተባለው ጣሊያናዊ ስለ ሥዕል በጻፈው መጽሐፍ፣ በእውነተኛ ወርቅ ከሚጠቀም ሠዓሊ ይልቅ የወርቅን ነፀብራቅ በተራ ቀለም የሚያሳይ ሠዓሊ ሊመሰገን ይገባዋል ብሏል። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስለን። ባለገንዘቡ ከእንግዲህ ክፍያውን የሚከፍለው ለብረቱ ሳይሆን ለእጁ ሆነ። ሥዕል ደግሞ ሊገዛ፣ ሊሸጥ፣ ሊወረስ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንግዳ ሊጋበዝበት የሚችል ንብረት ሆነ። ሠዓሊው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ዋጋ ያገኘውም በዚህ መንገድ ነው። ሆልምስ የተወለደው ይህ ልማድ አራት መቶ ዓመት ከዘለቀ በኋላ ነው።

አሁን ወደ አገራችን፣ ከመቅደላም ብዙ ሳንርቅ ወደ ሐይቅና ወደ አምባሰል እንምጣ። የከተማ ሰው አምባሰልን የሚያውቀው በቅኝቱ ነው፤ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር አንዱ ነው። የታሪክ ተማሪ ደግሞ በውጫሌ ያውቀዋል፤ አንዱ ውል በአማርኛ አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛ ሌላ ነገር የተነበበባት ውጫሌ ያለችው እዚያው አምባሰል ውስጥ ነው። ሁለት ሰዎች አንድን ነገር እያዩ ሁለት ነገር ማየታቸው ለዚህ አገር አዲስ አይደለም ማለት ነው።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ የሐይቅ ውኃ ይታያል። እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ስፍራ ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እዚህ መጥተው ገዳሙን አቀኑት። ትውፊቱ ዐፄ ይኩኖ አምላክን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1270 መንግሥቱ ወደ ይኩኖ አምላክ ቤት ከዞረ በኋላ፣ የሐይቅ አበ ምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ ከቤተ መንግሥቱ ታላላቅ ሰዎች አንዱ ሆነ። ታደሠ ታምራት የሐይቅን አበ ምኔቶች ታሪክ ሲያጠኑ ዋና ምንጫቸው በገዳሙ ወንጌል ላይ የተጻፉት ማስታወሻዎች ነበሩ።

ይህ አራቱ ወንጌል የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1280-81 ነው፤ ያስጻፉትም አባ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። በመጽሐፉ ሥዕሎች መካከል የእሳቸው የራሳቸው ሥዕል አለበት። ያረፉት ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል በኋላ ስለሆነ፣ ሥዕሉ ሲሣል በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። በሕይወት ያለ መነኩሴ ከቅዱሳን ጋር በአንድ መጽሐፍ ውስጥ! ዕድሜውን ስናስብ በአገራችን ከቀሩልን የሰው ሥዕሎች ሁሉ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ነገር ግን የሮለንን ዓይነት ነገር ፈልጎ የሚመጣ ሰው ምንም አያገኝበትም። መስኮት የለ፣ ከተማ የለ፣ የልብስ ፀጉር የለ። ፊት ለፊት የሚያይ ሰው፣ ትላልቅ ዓይኖች፣ መስመርና ጠፍጣፋ ቀለም፣ በቃ። ሥልጣኑ ያለው በሥዕሉ ውስጥ ሳይሆን ሥዕሉ በተቀመጠበት ስፍራ ነው። በዚሁ ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ የገዳሙ ንብረትና ነገሥታት የሰጡት ስጦታ ተመዝግቧል። የርስት ክርክር ቢነሣ ማስረጃው ወንጌሉ ነው፤ ወንጌሉን ሲከፍቱ ደግሞ ሰጪው ቆመው ይጠብቃሉ። መሬትና ሥዕል በአንድ ጥራዝ ታሰሩ።

ከሐይቅ ወደ ምዕራብ፣ አምባሰል ውስጥ፣ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋው የግሸን አምባ አለ። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን እልፍ ሕዝብ ወደዚያ ይወጣል። የግሸን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከያዘቻቸው ቅርሶች አንዱ በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1400 አካባቢ የተዘጋጀ ሥዕል ያለበት ተአምረ ማርያም ነው። ዐፄ ዳዊት የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አባት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1402 መልእክተኞቻቸው ቬኒስ ደርሰው የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ይዘው እንደተመለሱ የከተማይቱ መዝገብ ይመሰክራል። በመጽሐፉ ውስጥ ንጉሡ በእመቤታችን ፊት ተሥለዋል፤ ለሥዕሎቹም እውነተኛ ወርቅ ገብቷል። ስለ ዳዊትና ስለ ወርቅ ቀለም የሚተርክ ተአምር ራሱ በተአምረ ማርያም ውስጥ ይገኛል። የእመቤታችንን ክብር በወርቅ ለመጻፍ የፈለገ ንጉሥ ነገር ነው።

እንግዲህ ንጉሡንና ሹሙን ጎን ለጎን እናቁማቸው፤ የሚለያዩት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ብቻ ነው። ሁለቱም ባለጸጎች ናቸው፣ ሁለቱም በእመቤታችን ፊት መታየት ፈልገዋል፣ ሁለቱም ከፍለዋል። ዳዊት ወርቁን ራሱን ሰጡ፤ ለሮለን የተሣለለት የወርቁ መልክ ነው። የዳዊት ወርቅ ገጹ ላይ ተለጥፎ ስጦታ ሆኖ ቀረ፤ የሰውዬውን ሀብት አይገልጽም፣ ከሰውዬው ተለይቶ ሄዷል። የሮለን ወርቅ ግን እስከ ዛሬ ከሮለን ትከሻ አልወረደም። ይህን ስል የእኛን ንጉሥ ትሑት፣ የፈረንጁን ሹም ትዕቢተኛ ማለቴ አይደለም። ዳዊትም ስማቸው በእመቤታችን ስም አጠገብ እንዲነበብ ፈልገዋል፤ ይህ ለዙፋናቸው እንደሚጠቅም ያውቃሉ። ልዩነቱ የሚታየው ማን እንዲያይ ታስቦ ተሣለ በሚለው ላይ ነው።

ግሸን ምን እንደነበረ አንርሳ። ነገሥታቱ ወንድሞቻቸውንና የወንድሞቻቸውን ልጆች የሚያስጠብቁበት አምባ ነው። ዙፋን ሊወርስ የሚችል ሁሉ ከሰው ዓይን ተሰውሮ እዚያ ይኖራል። ግማደ መስቀሉም፣ የወርቁ መጽሐፍም እዚያው አምባ ላይ ናቸው። እኔ ይህ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። በዚያ ዘመን እሳቤ ኃይል ያለው ነገር ይሸፈናል። ታቦት ይሸፈናል፣ ንጉሥ በመጋረጃ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሥዕል በጨርቅ ይጋረዳል። የሥዕሉ ባለቤት የሚባለው በየቀኑ የሚያየው ሳይሆን መጋረጃውን መቼ እንደሚገልጥ የሚወስነው ነው። ምእመኑም ሲገለጥለት አሳላፊ ተመልካች ሆኖ አይቆምም፤ ይሰግዳል፣ ይሳለማል፣ ይሳላል፣ ይምላል። ደግሞም ሥዕሉ ያየዋል። በባህላዊው ሥዕላችን ጻድቁ ሁለት ዓይን ሆኖ ፊት ለፊት፣ ክፉው አንድ ዓይን ሆኖ በጎን የሚሣለው ለዚህ ነው፤ ክፉ ሰው ሊያየን አይገባማ!

ወርቁ ግን ሌላም ዓይን ይጠራል። በ1530ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የኢማም አሕመድ ጦር አማራን ሲያጥለቀልቅ፣ በሀብቷ ስሟ የገነነው አትሮንሰ ማርያም ተቃጠለች። ወደ ሐይቅም ሲመጣ መነኮሳቱ ወርቁን ውሰድ፣ ቤተ ክርስቲያኑን አታቃጥል ብለው ተዋዋሉ፤ ወርቁ ሄደ፣ ደብሩ ተረፈ። ድል አድራጊው የሚመዘነውን ወሰደ። ወርቅ ያልነበረበት የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ግን ዛሬም አለ።

የአውሮፓ ሥዕል ወደ እኛ ዘንድ መምጣት የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ኒኮሎ ብራንካሊዮን የሚባል ቬኒሳዊ ሠዓሊ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ መጥቶ አርባ ዓመት ያህል ኖሯል፤ የፖርቱጋሉ ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. በሕይወት አግኝቶታል። እመቤታችን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ ቢሥል «እንዴት በግራ!» ተብሎ ሁከት ተነሣበት የሚል ወሬም ቀርቶለታል። ወሬው እውነት ይሁን ተረት፣ ያገሬው ሰው ሥዕልን እንዴት ያይ እንደነበር ግን በሚገባ ይነግረናል። ሰዎቹ ቀለሙ አማረ፣ ፊቷ ሰው መሰለ አላሉም፤ የተቆጡት ለክብር የማይገባው እጅ ስለ ተቀደመ ነው። ኋላ በ17ኛው መቶ ዓመት ኢየሱሳውያን የሮሟን የሳንታ ማርያ ማጆሬ ሥዕል ቅጂ ይዘው መጡ። እነሱ ተባረሩ፤ ሥዕሉ ግን ቀረ። ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑና በየቤቱ የምናየው «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ከዚያ የተወለደ ነው።

«ኵርዓተ ርእሱ»ም እንዲሁ አገሬ ሆነ። በጎንደር ነገሥታት ዘመን የመንግሥት ሥዕል ነበር። መኳንንቱ በፊቱ ታማኝነታቸውን ይምላሉ፤ ንጉሡ ሲዘምት አብሮ ይዘምታል። እ.ኤ.አ. በ1744 ዳግማዊ ኢያሱ በስናር ሲሸነፉ ሥዕሉ ተማረከ፤ ሀገር ሐዘን ተቀመጠ፣ በወርቅም ተዋጅቶ ተመለሰ። ሠዓሊዎቻችን ደጋግመው ቀዱት፤ በጎንደር ዘመን ሥዕሎች የእሾህ አክሊል የደፋ፣ አንገቱን ዘንበል ያደረገ ክርስቶስ ባየን ቁጥር የዚያችን ገበታ ልጆች እያየን ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሠዓሊው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ያለ አይመስልም። የተልባ ዘይት ዘመን ልጅ የነበረው ሥዕል፣ ንብረትነቱ ቀርቶ መሐላ ተቀባይ ሆነ። ንጉሡ ሥዕሉን ያዙ ከማለት ሥዕሉ ንጉሡን ያዘ ማለት ሳይቀል አይቀርም፤ እሱን ያጣ ንጉሥ የሚያስምልበት አይኖረውማ።

ሐቁን ለመናገር መቅደላ የደረሰውም በመልካም መንገድ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት በርብረው ሀብታቸውን ወደ አምባቸው አግዘዋል፤ መቅደላ ላይ ለሚያሠሩት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ነው። ለጎንደር ካህናት ዘራፊው ማን እንደነበር መጠየቅ አያሻም። ሆኖም ንጉሡ የወሰዱት ኃይሉን አምነው ነው፤ ሌላ ቀርቶ ሊተኙ ሲሉ ከራስጌያቸው አድርገውታል። ሆልምስ ከዚያ ሲያነሣው የፍላማውያን ሥዕል አነሣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በነገሡበት ዓመት፣ በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ ከመቅደላ ከተወሰደው ሁሉ ለይተው የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፤ ክብረ ነገሥትንና «ኵርዓተ ርእሱ»ን። ብሪትሽ ሙዚየም ሁለት ክብረ ነገሥት ስለነበረው አንዱን መለሰ። ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ። ሆልምስ በዚያን ጊዜ የት ነበር? ከ1870 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዊንድዘር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ የቤተ መጻሕፍት ሹም ነበር! ደብዳቤው የተጻፈላት ንግሥትና ሥዕሉን የደበቀው ሰው በአንድ ቤተ መንግሥት ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1905 የሥዕሉ ፎቶግራፍ በርሊንግተን በሚባለው የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ታትሞ ነገሩ አደባባይ ወጣ። ሆልምስ ከሞተ በኋላ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. ክሪስቲስ በጨረታ ሸጠው፤ በ1950 ደግሞ እንደገና እዚያው ተሸጦ ወደ ፖርቱጋል ሄደ። ከደላንታ ሐራጅ የሸሸው ሥዕል ሐራጅ ሁለት ጊዜ ለንደን ላይ ጠበቀው። ዛሬም ፖርቱጋል ውስጥ በግለሰብ እጅ እንዳለ ነው የሚታወቀው።

የመቅደላ ቅርሶች ይመለሱ የሚለው ጥያቄ አልተኛም። ለዚሁ ጉዳይ የቆመው አፍሮሜት የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1999 ተመሠረተ፤ በ2018 ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በውሰት ልስጥ አለ፤ በ2019 የዐፄ ቴዎድሮስ የተቆረጠ ጸጉር ተመለሰ። «ኵርዓተ ርእሱ» ግን የመንግሥት ሙዚየም ንብረት ስላልሆነ በዚህ መንገድ የሚደርሱበት አይደለም። ቢመለስስ ወዴት ይግባ? አዲስ አበባ፣ መስተዋት ውስጥ፣ መብራት በርቶበት፣ «ፍላማዊ፣ 16ኛው መቶ ዓመት» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ ተለጥፎበት? ወይስ ጎንደር፣ መጋረጃ ውስጥ፣ በዓል ሲሆን ብቻ ተገልጦ? እኔ ሁለተኛውን እመርጥ ነበር፤ ሙዚየም የሚያዘወትር የከተማ ሰው ሆኜም። በመስተዋቱ ውስጥ ሲቀመጥ የሆልምስን ዓይን ይዘን እንደተቀበልነው ይቆጠራል ብዬ እፈራለሁ። የቅርስ ባለሙያ ወዳጆቼ በዚህ አይስማሙም፤ ጢስና ጧፍ ሥዕሉን ይጨርሰዋል ይላሉ። እነሱም ልክ ናቸው።

መቶ ዓመት ያለፈው የሊቃውንቱ ክርክር አሁንም ሠዓሊው ከየትኛው አገር ነው በሚለው ላይ ነው። በሥዕሉ ላይ ግን ከአውሮፓው ሠዓሊ ሌላ የአንድ ሰው እጅ አርፎበታል። ገበታው አገራችን ከገባ በኋላ አንድ ጸሐፊ ግዕዝ ጽፎበታል፤ ጽሑፉ የሚለው የጌታችንን ራስ እንዴት እንደመቱት ነው። ያ ጸሐፊ የሠዓሊውን ስም አልጻፈም፤ የራሱንም አልጻፈም።